የአሮጌ መኪና ሻንሲ በንድፍ ስለሚሠራበት ዘዴ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም፣ ስሟ እንኳ የገበያን ቀን የሚያስታውስ የንግድ ከተማ ናት። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ተክሎ ያሳደገው የዲከረንስ ግራር ከሰል ሆኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው በመኪና ነው፤ ለሱቅ የሚሆነውም ሸቀጥ ተጭኖ የሚመለሰው እንዲሁ በመኪና ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የመኪና ጤንነት የንግድ ጤንነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሮጌውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ እየሆነ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከአዳዲሶቹ የበለጠ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሞተርና ካምቢዮ ቢያረጁ መለዋወጫ ይፈለግላቸዋል፤ ሻንሲው የበሰበሰ መኪና ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሄዳል። ይህ እንዳይሆን ሻንሲውን በንድፍ እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። ሥራው ግን ድፍረትን ብቻ ሳይሆን ልክን ማወቅን የሚጠይቅ ነው።

ሻንሲ ማለት የመኪናው አጥንት ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል ደረጃ በተጋደሙ አጫጭር ብረቶች ይያያዛሉ። ሞተሩ፣ ባሌስትራው፣ መሪውና የተሳፋሪው ቤት ሁሉ የሚታሰሩት በዚህ መሰላል ላይ ነው። በገጠር መንገድ ብዙ ያገለገለው ላንድሮቨር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ሲታይ፣ ውጫዊ አካሉ ከአሉሚኒየም፣ ሻንሲው ግን በሣጥን ቅርጽ ከተበየደ ላሜራ የተሠራ ነበር። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት ስለማይዝግ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ሻንሲው ግን ጭቃና ውኃ በሣጥኑ ውስጥ ሲታቈር ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። የአዊን ያህል ዝናም በሚበዛበት አገር ይህ ጕዳት ከላይ ሳይታይ ሊስፋፋ ይችላል።

በአሜሪካ አገር ይኸው ጥበብ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። በካሊፎርኒያ የነበሩ ወጣቶች ከ1930ዎቹ ጀምሮ አሮጌ የፎርድ መኪናዎችን እያቀለሉና ሞተራቸውን እያጠነከሩ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ መኪናዎቹም «ሆት ሮድ» ተባሉ። ከሁሉ ይልቅ የተወደደው የ1932 ፎርድ ሞዴል ነው። የጥንቱ ሻንሲ በጊዜ ብዛት እየጠፋ ሲሄድ፣ ባለሙያዎች ልኩን በንድፍ ላይ አስፍረው ከአዲስ ብረት ይሠሩት ጀመር። ዛሬ በዚያ አገር አዲስ የተሠራ የ1932 ሻንሲ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይሸጣል።

የንድፍ አነባበብ የሥራው መጀመሪያ ነው። ደንበኛ ንድፍ ሻንሲውን ቢያንስ በሦስት መልክ ያሳያል፤ ይኸውም ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ነው። ከጎን የሚታየው በተለይ ሊጤን ይገባል፤ ሻንሲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ላይሆን፣ በአክስሉ ላይ ከፍ ብሎ የሚታጠፍ ሊሆን ይችላልና። ልኮቹ ሁሉ የሚቈጠሩት ከአንድ መነሻ መሥመር ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከጎረቤቱ ቀዳዳ ከተለካ ትንንሹ ስሕተት እየተደመረ መጨረሻ ላይ ትልቅ ይሆናል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የመለኪያው ዓይነት ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ንድፎች በኢንች የተጻፉ ናቸው፤ 1 ኢንችም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት በአጭሩ ላንድሮቨር 88 ኢንች ሲሆን 2,235.2 ሚሊ ሜትር፣ በ1932 ፎርድ 106 ኢንች ሲሆን 2,692.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው ወጥመድ ወረቀቱን ራሱን መለካት ነው። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ንድፍ ከመቶ ሁለት እጅ ቢያንስ፣ በፎርዱ ልክ ላይ ወደ 54 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት ያመጣል። ሠራተኛው ማመን ያለበት የተጻፈውን ቍጥር እንጂ የተሣለውን መሥመር አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የብረት ግዥ ነው፤ ይህም ነጋዴውን በቀጥታ ይመለከታል። ንድፉ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲል 2.5 ሚሊ ሜትር ተክቶ መሸጥ ከሻንሲው ግድግዳ ስድስተኛውን እጅ መቀነስ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታወቅም፤ በሚዛን ግን ይገለጣል። የብረት አንድ ኪዩቢክ ሜትር 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ 47 ኪሎ ግራም፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ግን 39 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አስመጪም ሆነ ባለ ሱቅ ዕቃውን ሲረከብ ጥቂት ላሜራዎችን ቢመዝን ከብዙ ክርክር ይድናል።

ብረቱ ከተቈረጠ በኋላ ሥራው በጠንካራና በውኃ ልክ በተስተካከለ መደብ ላይ ይከናወናል። ብረቶቹ በቦታቸው በማሰሪያ ይያዛሉ፤ ከዚያም ሰያፉ ይለካል፤ ይኸውም ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊትም እስከ ግራ ኋላ ያለው ርቀት ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠማማ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 3,000፣ ስፋቱ 800 ሚሊ ሜትር በሆነ ሻንሲ ላይ አንዱ ረጅም ብረት በ10 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢንሸራተት፣ የጎኖቹ ርዝመት ትክክል መስሎ ይታያል፤ ሰያፎቹ ግን በ19 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያሉ። እንዲህ ያለው መኪና መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ጎማም በከንቱ ይበላል።

በብየዳ ጊዜ ብረት በሙቀት ይሳባል። ስለዚህ ብልኅ በያጅ አስቀድሞ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በትንንሽ ነጥብ ይይዛል፤ ሰያፉን እንደገና ይለካል፤ ከዚያም አንዴ በዚህ ወገን አንዴ በዚያ ወገን እያፈራረቀ ጥቂት ጥቂት ይበይዳል። ለከባድ ሸክም የሚመረጠው 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ እርጥበትን አጥብቆ ይጠላል፤ ውኃ ከሳበ ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። በክረምት የተከፈተ ፓኬት በሱቅ ወለል ላይ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሳያውቀው የተበላሸ ዕቃ ይሸጣል። በመጨረሻም በሣጥኑ የታችኛው ክፍል የውኃ መውጫ ቀዳዳ ሊተውለት፣ ውስጡም ውጩም ፀረ ዝገት ቀለም ሊቀባ ያስፈልጋል።

የሕግም ነገር አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሻንሲ ቁጥር የመኪናው መታወቂያ በመሆኑ፣ ሻንሲ ከመለወጡ በፊት ባለቤቱ መኪናውን ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስፈቀድ፣ ንድፉንም በመሐንዲስ ማስመርመር ይገባዋል። ያለ ፈቃድ የተለወጠ ሻንሲ የቱንም ያህል ቢያምር በሽያጭ ቀን ባለቤቱን ያሳፍራል።

ይህ ዕውቀት ለአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም። በፈረሰኞቹ በታወቀው በአዊ ምድር የሚሠራ የፈረስ ጋሪም ሆነ በመኪና የሚጐተት ተሳቢ በዚሁ ሥርዐት ቢሠራ ፈረሱ አይደክምም፤ ጎማውም ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ ሥራ የሚያዝ ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ ንድፉን ይጠይቅ፤ ሥራውን ሲረከብም ሰያፉን በሜትር ይለካ። አንድ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቀው ይህ ጥንቃቄ የሰውን ሕይወትና የነጋዴውን ገንዘብ ይጠብቃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለዚህ ነው።