ለኢፍጣር ቆጣሪ ስንሠራ፦ ስሙ የማን ነው?

ረመዷን ሲቃረብ ልደታ ግቢ ውስጥ ፓይተን የጀመሩ እህት ወንድሞች እስከ መግሪብ የቀረውን ጊዜ በመስኮት የሚያሳይ ቆጣሪ በቲኪንተር መሥራት ይወዳሉ። ጥሩ ልምምድ ነው። ነገር ግን ሰው ለማፍጠር የሚያየው ሰዓት ነውና ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ብንነጋገር ወደድን።

ከፈንክሽን ውጪ፣ አናቱ ላይ፣ «ቀሪ» የሚባል ቫሪያብል 1800 ሰከንድ ይዟል እንበል። «ቀንስ» የተባለው ፈንክሽን በየሰከንዱ ከ«ቀሪ» ላይ 1 ይቀንሳል። ሲጀመር «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ይመጣል። ፓይተን በፈንክሽን ውስጥ ዋጋ የተሰጠውን ስም የፈንክሽኑ የግል ስም አድርጎ ስለሚወስድ ከላይ ያለውን 1800 አያየውም። ማንበብ ብቻ ቢሆን ያየው ነበር፤ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። በፈንክሽኑ መጀመሪያ «ግሎባል» ብሎ ስሙን ማስታወቅ ይፈታዋል።

አስቸጋሪው ግን ኤረሩ የሚጻፈው ተርሚናሉ ላይ መሆኑ ነው። መስኮቱ አይዘጋም፤ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ስክሪኑን ብቻ የሚያይ ጾመኛ ምን ያውቃል?

ስያሜውም ያው ነው። ፈንክሽኑን «ጀምር» ብለን በተኑንም «ጀምር» ካልነው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስም ይወስዳል። ቆጣሪው አንዴ ይቀንስና ይቆማል፤ በሰከንዱ ማግስት የተጠራው ፈንክሽኑ ሳይሆን በተኑ ነውና። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለስም ስለሚቀበል በአማርኛ የሚሰይሙም አሉ። ደስ ይላል፤ ሆኖም «ሰዓት» እና «ሰአት» ለእኛ አንድ፣ ለፓይተን ሁለት ናቸው። አንዱን ፈጥሮ ሌላውን መጥራት «ኔም ኤረር» ነው።

«ግሎባል» ያልነው የማይፈታው አለ። የመጀመሪያው በተን ሁለቴ ከተጫነ ሁለት ቆጠራ አብሮ ይሮጣል፤ ያለ አንዳች ኤረር ቁጥሩ በእጥፍ ይወርድና ከመግሪብ በፊት ዜሮ ይገባል። ስለዚህ የእኛ ምርጫ መቀነሱን ጨርሶ መተው ነው። «መግሪብ» በሚል ስም ሰዓቱን አንዴ መያዝ፣ በየሰከንዱ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያለውን ልዩነት ማሳየት። ፈንክሽኑ «መግሪብ»ን ያነባል እንጂ አይለውጥም፤ «ግሎባል»ም አያስፈልገውም። ሁለቴ ቢጫንም ልዩነቱ ያው ነው።

በእኛ አቆጣጠር 12:40 የሆነውን መግሪብ ለኮምፒውተሩ 18:40 ብላችሁ ስጡት።