ሰኔ 30 ሲመሽ የትኛው ሒሳብ ዜሮ ይሆናል?

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ሱቅ የሐምሌ ሪፖርት ሳወጣ የኪራይ ወጪው 195,000 ብር ሆኖ ቁጭ አለ። የወር ኪራዩ 15,000 ነው። ያለፈውን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ሳልዘጋ አሥራ ሦስተኛውን ደምሬበት ነበር።

ገቢና ወጪ ጊዜያዊ ሒሳቦች ናቸው። የሚለኩት የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚያልቅ ከሆነ ሐምሌ 1 ከዜሮ ይነሳሉ። ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ተሰብሳቢ፣ ተከፋይ፣ ካፒታል ግን ቋሚ ናቸው። ካዝና ውስጥ ያለው ብር ዓመት ስለተለወጠ አይጠፋም፤ የአቅራቢው ዕዳም እንዲሁ (ቢጠፋ ስንቱ ነጋዴ በወደደ!)።

አዘጋጉን በቁጥር እንየው። ሽያጭ 900,000፣ ጠቅላላ ወጪ 740,000 ብር ነው እንበል። ሽያጩን ዴቢት፣ ወጪዎቹን ክሬዲት አድርጋችሁ ዜሮ ታደርጓቸዋላችሁ፤ ልዩነቱ 160,000 ትርፍ ወደ ካፒታል ይገባል። ባለቤቱ ለቤቱ የወሰደው 60,000 ካለ፣ እሱም ጊዜያዊ ነውና ከካፒታል ላይ ይቀነሳል። 300,000 የነበረው ካፒታል 400,000 ሆኖ ይሻገራል። ባለቤቱ የወሰደውን ወጪ ውስጥ የሚከት ሰው አሁንም ያጋጥመኛል፤ ስህተት ነው፣ ትርፉን ያሳንሳል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የእርጅና ቅናሽ ነው። የዓመቱ ወጪ ይዘጋል፤ የተጠራቀመው ግን ከንብረቱ ጋር ስለሚኖር አይነካም።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ፣ ፕሮግራሙ ዓመቱን ሲዘጋ ይህን ራሱ ይሠራዋል። ሒሳቡን ስትከፍቱ ወጪ ማለት ሲገባችሁ ንብረት ብላችሁት ከሆነ ግን አይዘጋላችሁም። ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ባካፕ ያዙ።