ጤና ኬላው ሳይዘጋ መማር

በአንድ የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይመደባሉ። የሚያገለግሉት ሕዝብ 5,000 ገደማ ነው። ክትባቱ፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትሉ፣ የወባ ምርመራው፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ሁሉ የእነሱ ነው። ታዲያ አንዷ ደረጃዋን ለማሻሻል ኮሌጅ ብትገባ ሥራውን ማን ይሸፍናል?

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ ይሰማሩ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በመጀመሪያ ሥራቸው በአመዛኙ በሽታን መከላከል ነበር። ኋላ ግን የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ማከምን የመሰለ ከባድ ኃላፊነት ተጨመረባቸው። ይህ ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃል። ያን ሁሉ ሰው ከሥራው አንሥቶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይቻልም።

መፍትሔው የመጣው ከጥምረት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍ የተባለው አፍሪካዊ ግብረ ሰናይ ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረው፣ በምህጻሩ «ሂት» የሚባለውን የጤና ትምህርትና ሥልጠና ፕሮግራም አዘጋጁ። ሞጁል የሚባሉት የትምህርት መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጡ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ዋና ሙያው ሥራ ላይ ያለን ሰው በርቀት ማስተማር ነው። አምሬፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ኬንያ ውስጥ «በራሪ ሐኪሞች» ተብሎ የተጀመረ፣ መንገድ ወደማይደርስበት ገጠር ሐኪም በአውሮፕላን ያደርስ የነበረ ድርጅት ነው። አንዱ የርቀት ትምህርት አጻጻፍን ያውቃል፤ ሌላው ገጠሩን ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሞጁሎቹን የጻፉት ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች መሆናቸውን ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ለብቻው ለሚያጠና ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አሠለጠኗቸው፤ ረቂቁንም አብረው አረሙ። ስለዚህ መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ጤና ኬላው፣ ስለ ቀበሌውና ስለ እዚህ አገር እናት ነው።

ሞጁሎቹ 13 ናቸው፤ ከቅድመ ወሊድ ክትትል እስከ ሥነ ምግብ፣ ከክትባት እስከ አእምሮ ጤና ይዘልቃሉ። እያንዳንዱ በአጫጭር የጥናት ክፍሎች ተከፋፍሏል። አንባቢዋ ጥቂት ገጽ እንደሄደች ጥያቄ ይገጥማታል፤ ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ ደም ብዙ የሚፈስሳትን እናት የሚመለከት። መልሱን ከማየቷ በፊት ራሷ ታስባለች። መምህር አጠገቧ ስለሌለ ያንን ሥራ መጽሐፉ ይሠራላታል። በክፍሉ ማብቂያም ራሷን የምትፈትንባቸው ጥያቄዎች ይጠብቋታል።

እርግጥ ማዋለድን ከወረቀት ብቻ መማር አይቻልም። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን እያነበበች፣ ተግባሩን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ልምድ ባለው ባለሙያ ዓይን ሥር ትለማመዳለች። የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን እንዳለበት ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ሙቀቱን በየቀኑ ለክቶ መመዝገብ ሌላ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከሙያ ደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ታድጋለች።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሞጁሎቹ የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። ባለሙያዋ ያነበበችውን ለእናቶች የምታስረዳው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። የትርጉሙ ሸክም በእሷ ላይ ይወድቃል፤ ስለ አደገኛ የእርግዝና ምልክቶች ስታስረዳ አንድ ቃል ብትስት ደግሞ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ሞጁሎቹ በነፃ ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ ለንግድ እስካልዋሉ ድረስ ማንም ሊቀዳቸው፣ ሊያሻሽላቸውና ሊተረጉማቸው ይችላል። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች የምታስተምሩ መምህራን፣ እያንዳንዳችሁ አንድ የጥናት ክፍል እንኳ ወደ አካባቢያችሁ ቋንቋ ብትመልሱ ለነዚህ ሴቶች ትልቅ ውለታ ነው።