ስለ ዲከረንሳችን የተጻፈው የት ተቀመጠ?

ዛሬ ስለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት እናወራለን። ጎተራ እህል ይይዛል። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሰው ያየውን፣ የሞከረውንና የጻፈውን ይይዛል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ከጎተራ እህል ሲወጣ ይጎድላል። መጽሐፍ ግን ሺህ ሰው ቢያነበው አይጎድልም።

እኔ እዚህ ቆሰበር በትንሽ ንባብ ቤት እሠራለሁ። አንድ ቀን ከፋግታ ለኮማ የመጣ ገበሬ፣ «ጋሼ፣ ዲከረንሳችን እየደረቀ ነው። ስለ በሽታው የተጻፈ ነገር የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መደርደሪያችንን ሁሉ ፈለግሁ። አልነበረም። ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ጥያቄውን ይዤ ስድስት ኪሎ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ግቢው ድሮ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን ቀደም ብሎ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅ ደረጃ ሥራ ጀምሯል። ዋናው ቤተ መጻሕፍት ኬኔዲ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1956 ዓ.ም. ከተገደለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ሕንፃውም በአሜሪካ እርዳታ ተሠራ።

በዚያ ግቢ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም አለ። የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ የደከመው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የሚባል የፖላንድ ሰው ነበር። ሙያው እንደ እኔው የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን መጽሐፍ ለቃቀመ። የብራና መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም አሰባሰበ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የእኛን ዕቃ እንዲህ ሲጠብቅ ይገርማል። በእኛ ቤት ስንቱ ብራና በጢስና በአይጥ ጠፍቷል!

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ብዙ መጽሐፍ ባለበት ቤት አንዱን ለይቶ ማግኘት እንዴት ይቻላል? መልሱ ቁጥር ነው። ሜልቪል ዱዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ዘዴ አወጣ። የሰውን ዕውቀት ሁሉ በአሥር ትላልቅ ክፍሎች ከፈለ። እርሻ 630 ነው። ስለ ፈረስ የተጻፈው 636.1 ሥር ይቀመጣል። ስለ ንብ የተጻፈው ደግሞ 638.1 ሥር ነው። የአዊ ሰው እነዚህን ሁለቱን ቢይዝ አይከፋም! ሌላ ዘዴም አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ፊደልና ቁጥር ደባልቀው ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ቁጥሩ የመጽሐፉ አድራሻ ነው።

ድሮ ይህ አድራሻ በትናንሽ ካርዶች ተጽፎ በመሳቢያ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ፊቱ እንደ ቴሌቪዥን የሆነ መሣሪያ ነው። የምትፈልጉትን ቃል ትጽፉበታላችሁ። እሱም መጽሐፉ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

አንዲት ወጣት ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ ምን ልፈልግልዎ?» አለችኝ። ስለ ዲከረንስ አልኳት። ቃሉን ጻፈችው። ምን ልበላችሁ! የፋግታ ለኮማ ስም በመስታወቱ ላይ ወጣ። የእኛ ቀበሌዎች፣ የእኛ ከሰል፣ የእኛ ማሳ! ተማሪዎች ከትምህርታቸው ሲመረቁ የሚጽፉት የጥናት ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ምን ይላል? ዲከረንስ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ሥሩ አፈሩን ያዳብራል። በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ይዘራል። በአራት በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። ይህንን ከጸሐፊው ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሽታውን እንመልከት። ስንዴን የሚመታውን ዋግ ታውቃላችሁ። የዲከረንሱም በሽታ የዋግ ዘመድ ነው። በቅጠሉና በቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ዱቄቱ ለበሽታው እንደ ዘር ነው። ነፋስ ይዞት ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲተክል በሽታው መንገዱ ሰፊ ይሆንለታል። ስለዚህ መሬትን ሁሉ ለአንድ ዛፍ መስጠት አደጋ አለው። ከዲከረንሱ ጋር ሌላ ዛፍ፣ ድንችና ገብስ መያዝ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ያየሁት ሁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው ለጠያቂው ተናገረ፣ ማሳውን አሳየ፣ ዛፉን አስቆጠረ። የተጻፈው ግን ወደ እሱ አልተመለሰም። ከቆሰበር አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በአንድ ቀን ያልቃል። የቋንቋው መንገድ ግን ከዚያ ይረዝማል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ገበሬ ፊደል ቆጠረ። ፊደል የቆጠረ ሰው ደግሞ የሚያነበው ይፈልጋል። ስለ ራሱ ማሳ የተጻፈውን ካላነበበ ምኑን ያንብብ?

ዋናውን ነገር በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፌ አምጥቻለሁ። ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ። በንባብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በአዊኛ የሚያነብልን ሰው ካለ ይምጣ፤ ለእናቶችና ለአባቶች እናሰማ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አጠገባችን ነው። ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩ ከሆነ ስለ አካባቢያችን ምን እንደጻፉ ጠይቋቸው።

ስለ ፈረስ፣ ስለ ንብ ወይም ስለ ድንች ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጻፉት። ስማችሁንና ቀበሌያችሁን ጨምሩበት። ወረቀቱን በንባብ ቤቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱ።