ልጅዎ ሰፈሩን ከሰማይ ያውቀዋል?

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም። ስለ ጣራ ነው... አዎ፣ ስለ ቆርቆሮ ጣራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እህቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ግን አካሉ እንጂ ልቡ አልገባም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ዘግቶ ቁጭ! "ውጣና ተጫወት" ሲሉት "የት ልውጣ? እዚህ ምንም የለም" ይላል።

አንድ እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሞባይሌ ላይ የሳተላይት ምስል ከፈትኩለት። "የት ልውሰድህ?" ስለው "ቤታችን" አለኝ። የቱ ቤት እንደሆነ ገባችሁ አይደል? የምስሉን ዓመት ወደኋላ መለስኩለት። ጣራቸው ዝገቱ ሳይቀር ቁጭ ብሏል! "አጎቴ፣ አልፈረሰም እንዴ?" አለኝ። ምራቄን ዋጥኩ። "ፎቶ የተነሳበት ቀን አለው። መሬቱ ይለወጣል፣ ፎቶው ግን አይለወጥም" አልኩት።

ከዚያ ወደ አዲሱ ሰፈር መጣን። እናንተም ከልጅ ጋር ብትሞክሩት መንገዱ ይኸው፦

አንደኛ፣ ከራስ ጣራ ጀምሩ። ልጅ ከሚያውቀው ተነስቶ ነው ወደማያውቀው የሚሄደው።

ሁለተኛ፣ ቀለምና ቅርፅ ጠይቁት። መርካቶ ጣራው እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ታዩታላችሁ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥቁር አረንጓዴ ነው። እርሻ ደግሞ እንደተጣፈ ጨርቅ ቁርጥራጭ ነው፤ በክረምት አረንጓዴ፣ በኅዳር ቢጫ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መለኪያ ስጡት። የኳስ ሜዳ ርዝመቱ ወደ 100 ሜትር ነው። የቦሌ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ደግሞ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። "ስንት ኳስ ሜዳ ይወጣዋል?" በሉት፤ ሒሳቡን ሳያውቀው ይሠራል።

አራተኛ፣ ጥላውን አሳዩት። ረጅም ጥላ ያለው ፎቅ ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ግምቱን ወረቀት ላይ ጽፎ በእግሩ ሄዶ ያረጋግጥ። የኛው ጀግና ረጅሙን ሰማያዊ ጣራ "ትምህርት ቤት ነው" ብሎ ወሰነ። ሄደን ብናይ መጋዘን! ተሳስቶ ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ መሰላችሁ?

ማታ ላይ የራሳቸውን ብሎክ ዓመት ወደኋላ መለሰው። ሕንፃው ጠፋና እርሻ መጣ። ዝም ብሎ አየና "የዚህ እርሻ ልጆችስ የት ሄዱ?" አለኝ። እኔ የ12ኛ ክፍል ምሩቅ ነኝ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ትምህርት ግን አልተማርኩም። "ለእሱም ብንጠይቅ ነው" ብዬ አለፍኩ።

አሁን ከብሎኩ ልጆች ጋር ሰፈሩን በቀለም እርሳስ እየሣሉ ነው፤ መኖሪያው ቡናማ፣ ሱቁ ቀይ፣ እርሻው አረንጓዴ። ለዚያ ለማናውቀው እርሻም ከዳር ቦታ ትቶለታል።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጎን አስቀምጣችሁ ጣራችሁን ፈልጉ። ቸር ይግጠመን!