አባቷን ፍለጋ ሌላ ዓለም የሄደችው ልጅ

ታዳጊ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ ትናንት እየሳቀ ሲያወራ የነበረው ልጅ ዛሬ የክፍሉን በር ይዘጋል። መስታወት ፊት ቆሞ ጥርሱን፣ ፀጉሩን፣ ቁመቱን ይጠላል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት መልሱ «ምንም» ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ስለ ሌላ ዓለም የሚተርክ ምናባዊ ልብ ወለድ ይዞ ሲታይ፣ ብዙ ወላጆች «ከትምህርቱ የሚያዘናጋው ነገር አገኘ» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ልጁ በአፉ ሊናገረው ያቃተውን ነገር አንዳንዴ የሚናገርለት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ማደሊን ለንግል እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመችው «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» ከእነዚህ አንዱ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጊዜ ላይ ያለ እጥፋት» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ ከታተመ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬም ቢሆን ታዳጊዎች እጅ ላይ አልጠፋም።

የቀረ አባት፣ የሚጠብቅ ቤተሰብ

የታሪኩ ባለቤት ሜግ የምትባል ታዳጊ ናት። መነጽር ታደርጋለች፤ ጥርሷ በብረት ታስሯል፤ ፀጉሯ አልገራ ብሏታል። በሒሳብ ጎበዝ ብትሆንም በትምህርት ቤት «ሰነፍ» እየተባለች ነው። ትንሽ ወንድሟን በነገር የነካ ልጅ ሲያጋጥማት ተደባድባ ትመጣለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያማት ግን የአባቷ ነገር ነው። አባቷ ለመንግሥት የሚሠራ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ለሥራ ሄዶ ከቀረ ቆይቷል፤ ደብዳቤ መላኩንም ካቆመ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። የመንደሩ ሰው ያማል፤ «ሌላ ሴት ይዞ ጠፍቶ ነው» የሚልም አለ። እናትየው፣ እሷም ሳይንቲስት፣ በቤቷ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራችና በዚያው የኬሚስትሪ እሳት ላይ ወጥ እየጣደች አራት ልጆች ታሳድጋለች። መልስ ባታገኝም ለባሏ በየምሽቱ ትጽፋለች።

አንድ ወላጅ ውጭ አገር ሄዶ፣ ስልኩ እየራቀ የመጣበት ቤተሰብ ይህን የመጽሐፉን ክፍል ሲያነብ ማስረጃ አያስፈልገውም። ልጆች የሰፈሩን ሐሜት እንደሚሰሙና እናታቸውን ላለማሳዘን ሲሉ እንደማይጠይቁ ለንግል በደንብ ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ይጀመራል። ሜግ፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ቻርልስ ዋላስና ካልቪን የሚባል ጎረምሳ፣ ወይዘሮ ዋትሲት፣ ወይዘሮ ሁና ወይዘሮ ዊች በሚባሉ ሦስት እንግዳ ፍጡሮች እየተመሩ አባትየውን ፍለጋ ከምድር ይወጣሉ። መንገዱን ለልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። በነጠላ ጠርዝ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትጓዝ ጉንዳን ያስቡ። መንገዷ ረጅም ነው። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ቢያመጧቸው ግን ጉንዳኗ ወዲያው ትሻገራለች። መጽሐፉ ውስጥም ልጆቹ የሚረዱት እንዲሁ በልብስ እጥፋት ነው። በሩቅ ዓለማት መካከል የሚጓዙት ቦታና ጊዜ ሲታጠፍላቸው ነው።

ሁሉም ኳስ እኩል የሚነጥርበት ከተማ

አባትየው የታሰረው ካማዞትዝ በምትባል ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ ያሉት ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በየደጁ ሕፃናት ኳስ ያነጥራሉ፤ ሁሉም ኳስ እኩል ይወርዳል፣ እኩል ይነሣል። እናቶችም በአንድ ቅጽበት በር ከፍተው ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ኳሱ ከሌሎቹ ጋር ያልገጠመለት አንድ ልጅ ብቻ አለ፤ እናቱም ያንን ስታይ በድንጋጤ ትንቀጠቀጣለች። ፕላኔቷን የሚገዛት «ኢት» የተባለ፣ አካል የሌለው ትልቅ አንጎል ነው። ለሕዝቡ የሚሰጠው ተስፋ ጭንቀት የሌለበት ኑሮ ሲሆን፣ ዋጋው የራስን ሐሳብ ማስረከብ ነው።

ይህን ክፍል ያነበበ ታዳጊ ስለ ክፍል ጓደኞቹ ማሰቡ አይቀርም። «እንደ እነሱ ካልለበስኩ፣ እንደ እነሱ ካልሳቅኩ ብቻዬን እቀራለሁ» የሚለው ፍርሃት በዚህ ዕድሜ ትልቅ ነው። ወላጅም ቢሆን ከትችት አያመልጥም። ልጃችን ከጎረቤት ልጅ ጋር እኩል እንዲነጥር ስንገፋው፣ ያቺን በር ላይ የምትንቀጠቀጥ እናት ልንመስል እንችላለን።

አባት ከተገኘ በኋላ

በብዙ ተረት አባት ሲገኝ ታሪኩ ያልቃል። እዚህ ግን ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜግ አባቷን ታስፈታለች። ቻርልስ ዋላስ ግን በራሱ ብልህነት ተማምኖ በ«ኢት» ቁጥጥር ሥር ወድቋል። አባትየው ሜግንና ካልቪንን ይዞ ሲያመልጥ ትንሹ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል። ሜግ በንዴት ትፈነዳለች። «አባዬን ካገኘሁት ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ብላ ስንት ጊዜ ጠብቃለች! አሁን የምታየው እንደ እሷው የሚሳሳትና የሚፈራ ሰው ነው።

ብዙ ልጆች ወላጃቸው ሁሉን እንደማይችል የሚያውቁበት ቀን ይመጣል። ያ ቀን ቁጣና ንቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለንግል ሜግን በቁጣዋ አልኮነነቻትም፤ አባቷንም አላዋረደችውም። ሜግ ቀስ በቀስ ይገባታል፤ አባቷን ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያም ወንድሟን ለማዳን ብቻዋን የምትመለሰው እሷ ናት፤ ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው እሷ ስለሆነች። አባቷ አምኖ ይለቃታል ማለት ቀላል አይደለም፤ አባቷ ልጁን ወደ አደጋ ሲሸኝ የሚሰማው ጭንቀት በግልጽ ይታያል።

ቀደም ሲል ወይዘሮ ዋትሲት ለሜግ የሰጠቻት ስጦታ የራሷን ጉድለቶች ነበር። ቁጣዋ፣ ትዕግሥት ማጣቷ፣ እልኸኝነቷ በዚያ ጨለማ ከተማ ውስጥ ለመቆም ረድተዋታል። በመጨረሻ ወንድሟን የመለሰችው ግን «ኢት» በሌለው ነገር፣ በፍቅር ነው።

ማንም ያልፈለገው መጽሐፍ

ለንግል ሦስት ልጆች ያሳደገች እናት ነበረች። ሐሳቡ የመጣላት እ.ኤ.አ. በ1959 ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካን አቋርጠው፣ በድንኳን እያደሩ ባደረጉት ረጅም ጉዞ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ40ኛ ዓመት ልደቷ ዕለት ሌላ ሥራዋ ውድቅ ሆኖባት፣ መጻፍ ለመተው አስባ ነበር። ይህንም መጽሐፍ ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውባታል። ለልጆች ይሁን ለአዋቂዎች መለየት ያቃታቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን በአሜሪካ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ክብር ያለውን የኒውበሪ ሜዳሊያ አገኘ። ከዚያም አራት ተከታታይ መጻሕፍት ወጥተውለታል።

ተቃውሞም አልቀረለትም። በአሜሪካ አንዳንድ ወላጆች ሦስቱን ሴቶች ከጠንቋይ ጋር አያይዘው ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ጠይቀዋል። ደራሲዋ ግን አማኝ ክርስቲያን ነበረች፤ በኒውዮርክ ባለ ትልቅ ካቴድራል ለረጅም ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ጠባቂነት አገልግላለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤትዎ ከተነሣ የሚሻለው መጽሐፉን አንብቦ ከልጁ ጋር መነጋገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኤቫ ዱቨርኔይ ታሪኩን ወደ ፊልም ስትቀይረው ሜግን ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ አድርጋታለች፤ ስቶርም ሪድ ተጫውታዋለች። ኦፕራ ዊንፍሬይም ወይዘሮ ዊችን ሆና ቀርባለች። ፊልሙ ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ስለቀየረ መጽሐፉን ማስቀደም ይመረጣል።

አብሮ ለማንበብ

እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ከ10 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ይመቻል። ለታናናሾቻቸው ደግሞ እርስዎ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ አንብበው በአማርኛ ቢተርኩላቸው ይበቃል። ስለ ሴራው «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ብሎ እንደ ፈተና መጠየቅ ልጁን ያሸሸዋል። ይልቅ «ወይዘሮ ዋትሲት አንተን ብታገኝህ የትኛውን ጉድለትህን ትሰጥህ ነበር?» ይበሉት። መልሱን ከሰሙ በኋላ የራስዎንም ይንገሩት። «እኔ ያቃተኝ፣ አንተ ግን ከእኔ ጠብቀኸው የነበረ ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ ግን መጽሐፉ ስለ ሜግና ስለ አባቷ የሚያወራበት ገጽ ላይ ስትደርሱ ለመጠየቅ ይቀላል። ልጁ ዝም ካለም አያስገድዱት። ጥያቄውን ሰምቷል፤ መልሱን ሌላ ቀን ይዞ ሊመጣ ይችላል።