የእሸት ቡና ልጣጭ እና የማድረቂያ አልጋው ስሌት

በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ ባሉ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ በለቀማው ወቅት ቀይ ቡና በመፈልፈያ ማሽን ሲያልፍ ፍሬው ወደ ማብላያ ገንዳ ይወርዳል፤ ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ልጣጭ ግን ወደ ጎን ተገፍቶ ይከመራል፣ በቀናት ውስጥም ይበሰብሳል፣ ፍሳሹም ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል። ይኸው ልጣጭ ካፌይንን፣ ቅባትና ምግብ በአየር ንክኪ እንዳይበላሽ የሚከላከለውን ክሎሮጄኒክ አሲድን፣ ማርማላታን የሚያረጋውን ፔክቲንንም ይዟል።

እነዚህን ውህዶች ማውጣት ማለት የደረቀውን ልጣጭ ፈጭቶ በሙቅ ውሃ ወይም በአልኮል መዘፍዘፍ፣ የሟሟውን ከአተላው አጥልሎ መለየት፣ ቀጥሎም ፈሳሹን አትንኖ ዱቄት ማስቀረት ነው። ሥራው የታወቀ ነው፤ የሚያስቸግረው ሒሳቡ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ ልጣጭ ውስጥ 80 ያህሉ ውሃ በመሆኑ 20 ኪሎ ግራም ደረቅ ነገር ይቀራል፤ ካፌይኑ የደረቁ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሁሉም ያለ ብክነት ቢወጣ እንኳ የሚገኘው 200 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ግራም ካፌይን ለማግኘት ግማሽ ቶን እርጥብ ልጣጭ ያስፈልጋል፤ በገበያው ደግሞ በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ ርካሽ ካፌይን ይጠብቀዋል። በለቀማው ወራት ብቻ ጥሬ ዕቃ አግኝቶ ቀሪውን ዓመት ሥራ የሚፈታ ፋብሪካም የብድሩን ወለድ መሸከም ይከብደዋል።

እንግዲህ ወሳኙ ደረጃ ማድረቅ ነው። በተፈለፈለበት ዕለት በአልጋ ላይ ስስ ሆኖ የተሰጣ ልጣጭ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ጥሬ ዕቃ ይሆናል፤ የዘገየው ግን ይሻግታል፣ ኦክራቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝም ሊፈጠርበት ስለሚችል ለምግብነት አይበቃም። በደንብ የደረቀው ውህዶቹ ሳይወጡለትም ገዢ አለው፦ የቡና ገለባ አፍልቶ መጠጣት በሐረር የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2022 የደረቀ የቡና ልጣጭ ለመጠጥ እንዲሸጥ ፈቅዷል።

የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና አበዳሪ ባንኮች ስለ ማውጫ ፋብሪካ ከመነጋገራቸው በፊት ለልጣጩ የተለየ የማድረቂያ አልጋና ንጹህ መጋዘን ገንዘብ ሊመድቡ ይገባል።